የሸጋ እግር የቱ ነበር? ስለ ረጅም የካርቱን ሲዝን

 

ባለፈው ወር ስለ ፊደል ገበታ ጽፌላችሁ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ገበታውን ፍሪጅ ላይ ለጥፋችሁ ፎቶውን ልካችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ ወር ደግሞ ስለ ካርቱን ነው የምጽፈው። "መምህሯ ካርቱን ማየት ጀመረች እንዴ?" እንዳትሉኝ እንጂ፣ አዎ፣ ጀምሬያለሁ። ነገሩ የተነሣው ከራሴ ስህተት ስለሆነ መጀመሪያ ስህተቴን ልናገር።

ከመስከረም ጀምሮ ለሁለተኛው ቡድን፣ ማለትም ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ላሉት ልጆች፣ የክፍለ ጊዜውን የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ ተረት እነግራቸዋለሁ። ተረቷ ከቅዳሜ ቅዳሜ የምትቀጥል ናት። ሸጋ የምትባል አህያ አለች። በርበሬ ተጭና ከገበያ ስትመለስ መንገድ ይጠፋትና ሄዳ ሄዳ ፌርፋክስ ላይ ትደርሳለች፤ ከዚያ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል ወዲያ ወዲህ ስትል ትውላለች። አያ ጅቦም የበርበሬውን ሽታ ተከትሎ መጥቷል። እሱ ግን "እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ሥጋ ትቻለሁ፣ ሽሮ ብቻ ነው የምበላው" ይላል። ልጆቹ አያምኑትም፤ እኔም አላምነውም። በየሳምንቱ አንድ ነገር ይገጥማቸዋል፣ ልብ ሲሰቀል "የቀረው ለቅዳሜ" እላለሁ፣ ልጆቹም ጃኬታቸውን እየፈለጉ ያጉረመርማሉ።

ኅዳር ላይ ሸጋ ከአያ ጅቦ ስትሸሽ የመኪና ማቆሚያ ሜትር መታትና ግራ የፊት እግሯ ተጎዳ። ከዚያ የበዓላቱ ዕረፍት መጣ። ጥር ላይ ስንመለስ "ሸጋም ቀኝ እግሯን እያነከሰች…" ብዬ ቀጠልኩ።

በክፍሉ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ስንጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል፣ ካልሆነም በእንግሊዝኛ ይመልሳል። እናቱ "ሁሉም ነገር ይገባዋል፣ አፉ ግን አልፈታ አለ" ትለኛለች። ያን ቀን ይኸው ልጅ ከመቀመጫው ብድግ አለና፦

"ኖ! ቲቸር፣ ግራ ነው ያልሽው! ግራ እግሯ! ቀኝ አይደለም!"

"ያሉት" ማለት ነበረበት፣ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ማን ያርመዋል? ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየው። እሱ ራሱም የተናገረው በአማርኛ መሆኑን ያወቀ አይመስለኝም። እኔ በአንድ ዓመት ተኩል ያልቻልኩትን የሸጋ እግር በአንድ ደቂቃ ቻለው።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ይህን ልጅ ያናገረው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ለምን እርማት ወደደ? ለምንስ ከሁለት ወር በፊት የሰማውን እንዲህ ያዘ? እናቱን ስጠይቃት ሳቀችና "አንቺ፣ ይሄ እኮ ሥራው ነው! ካርቱን ሲያይ 'ባለፈው ሸሚዟ ቢጫ ነበር' እያለ ነው የሚውለው" አለችኝ። እኔም ተቀምጬ ካርቱን ማየት ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ልጆች ሒሳብ ይይዛሉ

እኛ ትልልቆቹ ፊልም ስናይ ወሬውን ነው የምንከተል። ልጆች ግን ዝርዝሩን ይይዛሉ፦ የአሻንጉሊቱን ስም፣ የቤቱን በር ቀለም፣ ማን ምን እንደሚፈራ። ዓለሙ ገና አዲስ ስለሆነባቸው የሚጸናውንና የሚለወጠውን ለይተው ማወቅ ይፈልጋሉ። አንድ ነገር ከሳምንት ሳምንት ባለበት ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል፤ ሳይነገራቸው ሲለወጥ ደግሞ ይከፋቸዋል።

ካርቱን ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ለእያንዳንዱ ተከታታይ ካርቱን አንድ መመሪያ መጽሐፍ ያዘጋጃሉ። ገጸ ባሕርያቱ እነማን እንደሆኑ፣ ዕድሜያቸው፣ አነጋገራቸው፣ ምን አድርገው እንደማያውቁ ሁሉ እዚያ ላይ ይጻፋል። ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ፣ ማን ከማን በስንት ጣት እንደሚረዝም የሚያሳይ የሥዕል ሉህም አለ። ሥዕሉን የሚሠሩት ብዙ ሰዎች ስለሆኑ ይህ ካልተጻፈ ሰኞ የተሣለው ልጅና ሐሙስ የተሣለው ልጅ ወንድማማች እንኳን አይመስሉም።

ሲዝኑ ሲረዝም ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። አብዛኞቻችሁ ቤት የምትታየውን ብሉዊን ውሰዱ። በ2018 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ብሪዝበን ከተማ የጀመረች የውሾች ቤተሰብ ታሪክ ናት። የመጀመሪያው ሲዝን ብቻ 52 ክፍል አለው። እያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ያህል ስለሆነ አንድ ሲዝን ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይዛነፉ መናገር ቀላል አይደለም፤ እኔ በጥቂት ቅዳሜ ውስጥ የአህያዋን እግር አዛንፌያለሁ። ብሉዊ ግን ስትጀምር ስድስት ዓመቷ ነበር፣ በኋላ ሰባት ሞላት፤ ታናሿ ቢንጎም ከአራት ወደ አምስት ሄደች። የድርሰቱን አብዛኛውን የጻፈው ራሱ የፈጠራት ሰው፣ ጆ ብረም፣ ነው። አንድ እጅ ስለሚይዘው ነገሩ አይበተንም።

ሌሎች ደግሞ ዕድሜን ጨርሶ ያቆሙታል። ከልጆቻችሁ ታላላቆቹ ያደጉበት አርተር ከ1996 እስከ 2022 በፒቢኤስ 25 ሲዝን ሲቀርብ፣ አርተር ያን ሁሉ ዘመን የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። የመጨረሻው ክፍል ላይ ነው ሁሉም አድገው የታዩት። ሥዕሉ አያረጅም፤ ድምፁን የሚሰጠው ልጅ ግን ያድጋል፣ ጉሮሮው ይጎረንናል፣ ይቀየራል። ስለዚህ የአርተር ድምፅ በየጥቂት ዓመቱ ሌላ ልጅ ነበር። ፔፓ ፒግም እንዲሁ ናት፦ ሃርሊ በርድ የምትባል ልጅ ከ2007 ጀምራ 13 ዓመት ድምፅ ሆናት፣ በ2020 ደግሞ አራተኛዋ ልጅ ተረከበች። ትልቅ ሰው ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን "ይቺ ፔፓ አይደለችም" ትላችኋለች። ልጅቷ እልከኛ ሆና አይደለም፤ ጆሮዋ እየሠራ ነው። በዚያው ጆሮ ነው "በላ" እና "በላች"ን፣ "ጠ" እና "ተ"ን የምትለየው።

ሲዝን ሲረዝም ጥራት የት ይሄዳል?

ጎበዝ ካርቱን እንኳን ሲረዝም የሚደክምበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሐሳብ ያልቃል፣ የሥርጭት ቀን ግን አይጠብቅም። የጀመሩት ጸሐፊዎች ሄደው ሌሎች ይተካሉ። አሻንጉሊት ሻጩ ይገባና ለታሪኩ የማያስፈልግ አዲስ መኪና፣ አዲስ ልብስ ይመጣል። ከዚያ ማሟያ ክፍሎች ይበዛሉ፤ የድሮውን እየቆራረጡ እንደገና ማሳየት፣ ወይም ምንም ሳይሆን ተጀምሮ ምንም ሳይሆን የሚያልቅ።

ይህን ስጽፍ በሰው ላይ እየፈረድሁ አይደለም። ከዚያ ከእግሩ ስህተት በኋላ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ደክሞኝ ማሟያ ተረት ነው የነገርኳቸው። ሸጋ ተኛች፣ ሸጋ ተነሣች፣ ሸጋ ሣር በላች። አንዷ ልጅ አዛጋች። ሌላው "ቲቸር፣ ዛሬ ምንም አልሆነም እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምንም አልሆነም።

እናንተ ቤት ሆናችሁ ጥራቱን ለመለየት ተቺ መሆን አያስፈልጋችሁም። ሦስት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ፣ ገጸ ባሕርያቱ ያለፈውን ያስታውሳሉ? ትናንት የተጣሉት ዛሬ እንደ ተጣላ ሰው ይሆናሉ? ሁለተኛ፣ ችግሩ የሚፈታው ልጁ አስቦ ነው ወይስ አንድ መሣሪያ ከሰማይ ወርዶ? ሦስተኛ፣ ንግግር አለው ወይስ ጩኸት ብቻ ነው? ንግግር የሌለው ካርቱን በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ለቋንቋ አይጠቅምም።

የኛዎቹ

ከእናንተ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ አባባ ተስፋዬን ያስታውሳል። ተስፋዬ ሳህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው፣ ለ42 ዓመት ያህል ተረት ነግረውናል። ያረፉት በ2017 ነው። ያ የልጆች ዝግጅት ካርቱን አልነበረም፤ ሥዕሉ አይንቀሳቀስም፣ ገንዘቡም አልነበረም። አንድ ሰው፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ልጆች፣ አንድ ተረት። ግን "የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች" ሲሉ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተጠቅጥቀን የተቀመጥን ሁሉ ዝም እንል ነበር። እናት በልጅነቷ የሰማችውን ሰላምታ ልጇም በተራዋ ሰማችው፤ ከዚያ ድምፅ፣ ከዚያ ሰው። ዛሬ "ቀጣይነት" ብለን በትልቅ ቃል የምንጠራው ነገር ይኸው ነበር። እኛ ቤት ግን ስሙ "አባባ ተስፋዬ ሰዓት ደረሰ" ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣችው ፀሐይ ናት። ብሩክታዊት ጥጋቡ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በ2005 አዲስ አበባ ላይ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋሙ፤ በ2006 "ፀሐይ መማር ትወዳለች" በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ስትጀመር ከካልሲ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። በ2008 የጃፓን ፕራይዝ የሚባለውን የትምህርት ፕሮግራሞች ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች፤ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስን ሽልማት ተቀበለች። በኋላ ይኸው ድርጅት "ጥበብ ገርልስ" የተባለ፣ ልጃገረዶች ጀግኖች የሆኑበት ካርቱን ሠርቷል።

ይህን የምነግራችሁ ለኩራት ብቻ አይደለም። ፀሐይን ልዩ የሚያደርጋት ለአገራችን ልጆች ተብላ፣ በአማርኛ ታስባ መሠራቷ ነው። ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ ካርቱን ላይ አፉና ቃሉ አይገጥምም፤ ሰላምታው እንኳን ያንክሳል። ፀሐይ ግን እናቷን የምታናግራት እኛ እናታችንን እንዳናገርነው ነው። ካልሲ መሆኗን ልጆቻችን በመጀመሪያው ደቂቃ ያያሉ፣ በሁለተኛው ይረሱታል። እዚህ አገር በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራ ሥዕል የለመደ ልጅ "ይሄ ያረጀ ነው" ቢላችሁ ቶሎ እጅ አትስጡ። አንድ ክፍል ብቻ አይተው ነው የሚሉት። ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር መዋደድ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል።

ካርቱን ቋንቋ ያስተምራል ወይ?

ያስተምራልም፣ አያስተምርምም። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

በ2019 አካባቢ አሜሪካውያን ወላጆች ልጆቻቸው ፔፓን አይተው እንደ እንግሊዝ ሰው መናገር ጀመሩ ብለው ዜና ሆነው ነበር። "ማሚ" ሲሏት የነበሩት እናት "ማሚ" በሌላ ዜማ ሆነባት። ይህ ሳይንስ ሳይሆን የወላጆች ወሬ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጠቁማል፦ ልጅ የወደደውን ሰው አፍ ይቀዳል። አሳማም ብትሆን።

በሌላ በኩል ደግሞ በ2003 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩል የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን ቻይንኛ አሰሟቸው፤ ለአንዱ ቡድን ሰው ራሱ መጥቶ እየተጫወተ፣ ለሌላው ያንኑ በቪዲዮ። 12 ጊዜ ከተገናኙ በኋላ ሰው ያጫወታቸው የቻይንኛውን ድምፅ ለዩ፤ ቪዲዮ ያዩት ግን አልለዩም። ሕፃን ከመስታወት አይማርም፤ ከሰው ነው የሚማረው።

እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው፣ ካርቱኑ ብቻውን አይበቃም፤ ካርቱኑና እናንተ ግን ትበቃላችሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2016 ባወጣው ምክር ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ያህል፣ ጥራት ያለው፣ ከወላጅ ጋር የሚታይ ይሁን ብሏል። "ከወላጅ ጋር" የምትለዋን አስምሩባት።

እቤት ምን እናድርግ?

አንድ ሲዝን ምረጡና ከክፍል አንድ ጀምሩ። ስልኩ ራሱ እየመረጠ የሚያጫውተውን ዝጉት። ያ ማሽን ልጃችሁን ከአራተኛው ክፍል ወደ ሠላሳኛው፣ ከሠላሳኛው ወደ ሌላ ካርቱን ነው የሚወስደው። ክር የሌለው ነገር አይታወስም፣ ያልታወሰ ነገር ደግሞ አይወራም።

ያንኑ ክፍል መድገም አትፍሩ። ኒክሎዲየን በ1996 ብሉዝ ክሉዝን ሲጀምር አንዱን ክፍል አምስት ቀን በተከታታይ ነበር የሚያሳየው። ያጠኑት ተመራማሪዎች ልጆቹ አልሰለቹም፣ እንዲያውም በተደጋገመ ቁጥር የበለጠ ገባቸው፣ ከቴሌቪዥኑ ጋርም የበለጠ ጮክ ብለው ተነጋገሩ ብለዋል። "ደግሞ ይሄን?" ብላችሁ አትማረሩ። ሰኞ ያየው ነገር ነው፣ ማክሰኞ የሚገባው፣ ሐሙስ የሚናገረው።

ከመጀመሩ በፊት "ባለፈው ምን ሆኖ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በአማርኛ ሰዋስው ከባዱን ሥራ ትሠራላችሁ። ልጁ "ነበር" እና "ነው"ን፣ "ተጎዳች" እና "ተጎድታለች"ን መለየት ይገደዳል። ልጆቻችን በጣም የሚቸገሩት ኃላፊ ጊዜ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሰሙት አማርኛ አብዛኛው ትእዛዝ ስለሆነ። ብላ፣ ተነሥ፣ ጫማህን አድርግ፣ ዝጋው። በትእዛዝ ብቻ ያደገ ልጅ መታዘዝ እንጂ መተረክ አይችልም።

ካርቱኑ እንግሊዝኛ ቢሆንም ወሬው አማርኛ ይሁን። ብሉዊን አይታችሁ ስለ ብሉዊ በአማርኛ ማውራት ይቻላል። "አባትየው ለምን ተናደደ?" በሉ። መልሱ በእንግሊዝኛ ቢመጣ አትቆጡ፤ ያንኑ በአማርኛ መልሳችሁ ንገሩት፣ ከዚያ ቀጥሉ።

የስህተት አደን ተጫወቱ። ሸሚዙ የተለወጠ፣ ድምፁ የተቀየረ፣ የተሰበረው ጽዋ ድኖ የተገኘ፣ ያገኘ ልጅ በአማርኛ ካስረዳ ነጥብ ያገኛል። እናንተን ማረም እንዴት እንደሚያስደስታቸው ታያላችሁ። እኔ እርማቱን በደረቴ ተቀብያለሁ።

በመጨረሻም ለአያት ይተረክ። እዚህ ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ እሁድ ጠዋት ነው። አያት ስልኩን ታነሣለች፤ ብዙ ጊዜ ግን "ደህና ነህ? በላህ?" ካለች በኋላ ወሬ ያልቃል። ልጁ የሚነግራት ተከታታይ ታሪክ ካለው እሷ ራሷ "ያቺ ቀጭኔ ምን ደረሰች?" ብላ ትጠይቀዋለች። አንድ ሲዝን ሙሉ የምትጠይቅ አያት ያለችው ልጅ መምህር ብዙም አያስፈልገውም።

የኛም ሲዝን

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ያ ልጅ "ግራ እግሯ!" ባለበት ሳምንት እናቱ ማኪያቶ ስንጠብቅ አገኘችኝ። ከየካቲት ጀምሮ የቅዳሜ እግር ኳስ ተመዝግቧል፣ እስከ መስከረም ያርፋል፣ ከዚያ ይመለሳል አለችኝ። "ምን ትያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ምን እላለሁ? እግር ኳስ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ያላችሁ አላችሁ፤ ከቫሊ፣ ከኢንግልውድ፣ ከዚያም ከሩቅ የምትመጡ አላችሁ። የመንገዱን መዘጋጋት፣ የፌርፋክስን ፓርኪንግ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ግን የማየውንም ልንገራችሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ወንበር ያንሰናል፤ ጥር ላይ ወንበር ይተርፈናል። በሚቀጥለው መስከረም ልጁ ሲመለስ ከ"ሀ" እንጀምራለን። ሦስት ዓመት የተመዘገበ ልጅ ሦስት ጊዜ ክፍል አንድን አይቷል ማለት ነው። ሁለተኛውን ክፍል አያውቀውም። ከዚያ "አማርኛ ይሰለቻል" ይላል። እውነቱን ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ደጋግሞ ያየ ሰው ታሪክ የለውም።

አፍ የሚፈታበትን ቅዳሜ አስቀድመን አናውቀውም። እኔ ቀጠሮ ብይዝለት ኖሮ ያን ቀን አልይዝም ነበር። ልጁ ያን ቀን የተናገረው ከመስከረም ጀምሮ የሸጋን ነገር ሁሉ ስለያዘ ነው። ኅዳር ላይ ቀርቶ ቢሆን የትኛው እግር እንደሆነ አያውቅም፤ የማያውቀውን ደግሞ አያርምም።

ለእናቱ ይህንኑ ነገርኳት። ቆይ ላስብበት አለችኝ። አሁን እግር ኳሱ ሳይቀር አንድ ቅዳሜ እየዘለለ ይመጣል። ይቆይ አይቆይ ገና አልተወሰነም፤ የቤቷን ሁኔታ የምታውቀው እሷ ናት።

እኔ ግን የድርሻዬን ለማድረግ ሁለት ነገር ጀምሬያለሁ። አንደኛ፣ ደብተር ገዝቻለሁ። ካርቱን ሠሪዎቹ እንደሚያደርጉት የሸጋን ነገር ሁሉ እጽፋለሁ፦ የተጎዳው እግር፣ የበርበሬው ከረጢት ቀለም፣ አያ ጅቦ የዋሸው ውሸት በሙሉ። ማሟያ ተረት አልነግርም፤ ከደከመኝ "ዛሬ ደክሞኛል፣ እናንተ ንገሩኝ" እላለሁ። ሁለተኛ፣ ልጃችሁ በማይመጣበት ቅዳሜ የዕለቱን ተረት በድምፅ ቀድቼ በወላጆች ቡድን ስልክ ላይ እልካለሁ። አሥር ደቂቃ አይሞላም። መኪና ውስጥ፣ ከጨዋታው ስትመለሱ ክፈቱት። መቅረት ይኖራል፤ ክሩ ግን አይበጠስ።

ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የድምፅ ቅጂው እንዲደርሳችሁ የምትፈልጉ በር ላይ ባለው ወረቀት ተመዝገቡ። እቤት ለመጀመር የመረጣችሁትን ካርቱንና የደረሳችሁበትን ክፍል ደግሞ በልጃችሁ ደብተር ጀርባ ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ስንገናኝ እጠይቀዋለሁ።

ደብተሩን የሚይዘው ማን እንደሆነ ሳልነግራችሁ። ያው ልጅ ነው፤ በሚመጣበት ቅዳሜ ሁሉ ፊት ይቀመጣል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሱ እጅ "ሸጋ፣ እግር፣ ግረ" ብሎ ጽፏል። "ረ"ን ወደ "ራ" በሚቀጥለው ወር እናደርሳታለን።

እስከዚያው በቸር እንሰንብት። የቀረው ለቅዳሜ።